ስለ ሥራ ሙያና ስለ ንግድ ቤት ዋና ችሎታ፤ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ምሳሌነት የተገለጠ

አንድ የንግድ ሥራ ሲቋቋም ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡና ስለ መሣሪያው ነው። ገንዘቡ ስንት ነው፤ መኪናው ከወዴት መጣ፤ ቤቱስ በምን ተሠራ ይባላል። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ምን ያውቃሉ፤ ያወቁትንስ በእጃቸው ሊፈጽሙት ይችላሉን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ገንዘብን ከባንክ ሊበደሩት፥ መሣሪያንም ከውጭ አገር ሊገዙት ይቻላል። የሠራተኛ ሙያ ግን በአንድ ቀን የማይገዛ፥ በትምህርትና በብዙ ጊዜ ልምድ ብቻ የሚገኝ ሀብት ነው።

የዚህም ነገር እውነተኛነት ቡና በሚበቅልበት አገር ሁሉ በግልጥ ይታያል። በአንድ ወረዳ ውስጥ፥ በአንድ ወንዝ አጠገብ፥ ሁለት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ቆመዋል እንበል። የሁለቱም መፈልፈያ መኪና አንድ ዓይነት ነው፤ ውሃቸውም ከአንድ ወንዝ ይቀዳል፤ እሸቱን የሚያመጡላቸውም ጎረቤታሞች የሆኑ ገበሬዎች ናቸው። የመከሩ ወራት አልፎ ቡናው ከቀማሾች ፊት በቀረበ ጊዜ ግን የአንደኛው ጣቢያ ቡና ከከፍተኛው ደረጃ ሲመደብ የሁለተኛው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ገበሬዎቹ አንድ ዓመት ሙሉ የደከሙበት ዋጋ በዚያ ቀን ይለያያል፤ የአንዱ ቤት ዕዳውን ሲከፍል የሌላው ቤት ተጨማሪ ዕዳ ይገባል። ልዩነቱ ከመሬት ወይም ከመኪና የመጣ አይደለምና ምክንያቱን ከሰዎቹ እጅ መፈለግ ይገባል።

ስለዚህ በክልልም በዞንም በወረዳም የተሾመ ሰው፥ በግዛቱ ያለው የንግድ ሥራ በየትኛው ሙያ ላይ እንደ ቆመ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልገዋል። ከዚህ ቀጥሎ አስቀድሞ ሙያ ምን እንደ ሆነ፥ ከዚያም በማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ለየሥራው የሚያስፈልገው ሙያ፥ ደግሞም የብዙ ሰዎች ሙያ ተባብሮ የአንድ ንግድ ቤት ዋና ችሎታ የሚሆንበት ምክንያት፥ በመጨረሻም የሹማምንት ተግባር በየተራው ተጽፏል።

1ኛ፤ ሙያ ምንድር ነው

ሙያ ማለት የሚያውቁትን ነገር በጊዜው፥ በመጠኑና በአግባቡ ሠርቶ ለማሳየት መቻል ነው። ይህም በ3 ነገር ይቆማል። አንደኛው ዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው የእጅ ልምድ ነው፤ ሦስተኛው ጠባይ ነው። ዕውቀት ኖሮት ልምድ የሌለው ሰው ሲናገር ያስደንቃል፥ ሲሠራ ግን ያበላሻል። ልምድ ኖሮት ዕውቀት የሌለው ሰው የለመደውን ሥራ ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ ዝናም ያለ ወራቱ ሲመጣ ወይም መኪናው ሲለወጥ ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል። ዕውቀትና ልምድ ኖሮት ጠባይ የሌለው ሰው ደግሞ አለቃው ሲያየው ይሠራል፥ ሳያየው ያስታጕላል። እንግዲህ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ሰውዬው ባለሙያ ይባላል።

ዴቪድ ማክሌላንድ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1973 ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል። የዐሳባቸውም ፍሬ፥ ለሥራ የሚሆነውን ሰው ለመምረጥ የአእምሮ መመዘኛ ፈተናና የትምህርት ቤት ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ ሥራውን አሳምረው የሚሠሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ መርምሮ በዚያ መመዘን ይሻላል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶችና የንግድ ማኅበሮች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ይህን ዐሳብ ይከተላሉ።

ነገሩ ግን ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት የሚማር ልጅ ንባቡን በመምህሩ ፊት ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የቅኔ ተማሪም መብቃቱ የሚታወቀው ቅኔውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ እንጂ ብዙ ዓመት በመቀመጡ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለውም ስለዚሁ ነው። በዘመናችንም በቴክኒክና ሙያ ትምህርት የብቃት ምዘና የሚባለው ሥርዓት የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ ተመዛኙ ለሥራው በተጻፈው ደረጃ ልክ ማወቁን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ጭምር ያሳያል።

2ኛ፤ በማጠቢያ ጣቢያ ለየሥራው የሚያስፈልግ ሙያ

የመጀመሪያዪቱ ባለሙያ ለቃሚዋ ናት። የቡና ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ በአንድ ቀን አይበስልም፤ አንዱ ቀልቶ ሳለ ሌላው አረንጓዴ ነው፥ ሌላውም ከመጠን አልፎ ጠቍሯል። ያልበሰለው ፍሬ መፈልፈያው በደንብ አይላቅቀውም፥ ጣዕሙም የሚጐመዝዝ ይሆናል። ከመጠን ያለፈው ደግሞ በዛፉ ላይ ሳለ መብላላት ስለሚጀምር ጣዕሙ የኮመጠጠ ይሆናል። ስለዚህ ለቃሚዋ በአንድ ዛፍ ዘንድ ደጋግማ እየተመላለሰች ቀዩን ብቻ መልቀም አለባት። ይህን የምታደርገው ሴት ቅርንጫፉን በእጇ ጠርጋ ከምታወርደው ይልቅ በቀን የምትሞላው ቅርጫት ያነሰ ነው። ታዲያ ክፍያው በኪሎ ብቻ ከሆነ ባለሙያዪቱ ትጐዳለች፥ ሙያ የሌላት ትጠቀማለች፤ በሚመጣውም ዓመት ሁለቱም ጠርገው ያወርዳሉ።

ሁለተኛው ባለሙያ እሸቱን የሚቀበለው መዛኝ ነው። የርሱ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ጠባይ የሚፈልግ ነው። ገበሬው ጣቢያውን የሚያውቀው በሚዛኑ ነውና ሚዛኑ አንድ ጊዜ ካታለለው ሁለተኛ ቀይ ቡና አያመጣም፤ ለመንገድ ላይ ነጋዴ ይሸጣል። መዛኙ ሚዛኑን በየማለዳው ክብደቱ በታወቀ ዕቃ መፈተን፥ አረንጓዴውን ከቀዩ አስለቅሞ መቀበል፥ ዘመዱ ያመጣውን ያልበሰለ ቡና አልቀበልም ማለት፥ የተቀበለውንም በደረሰኝ ላይ ሳይሰርዝና ሳይደልዝ መጻፍ ይኖርበታል።

ሦስተኛው መፈልፈያውን የሚጠብቀው ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፥ ይበላሻልም። የመኪናው ክፍተት ከመጠን በላይ ከጠበበ ፍሬውን ይሰብረዋል፤ ከመጠን በላይ ከሰፋ ሳይፈለፈል ያሳልፈዋል። የእሸቱ መጠን ከሰፈር ሰፈርና ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ባለሙያው ከመኪናው የሚወጣውን ፍሬ በእፍኙ ዘግኖ እያየ ክፍተቱን ያስተካክላል። በሥራው መጨረሻም መኪናውን አጥቦ ያሳድራል፤ በመኪናው ውስጥ የቀረ አንድ እፍኝ አሮጌ ፍሬ ተብላልቶ ሲሸት የነገውን ቡና ሁሉ ያበላሻልና።

አራተኛው የማብላያውን ገንዳ የሚጠብቀው ነው፤ ከሁሉም የረቀቀው ሙያ የርሱ ነው ማለት ይቻላል። የተፈለፈለው ቡና በላዩ የቀረው ዝልግልግ ነገር እንዲለቀው በገንዳ ውስጥ ይከማቻል። በብዙ ስፍራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ግን ከዚህም ይረዝማል፥ በቈላም ያጥራል። ስለዚህ ሰዓት ብቻ ቈጥሮ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ባለሙያው እጁን ከገንዳው አግብቶ ፍሬውን ያሻል፤ የሚያዳልጥ ከሆነ ገና ነው፤ እንደ ጠጠር ሻካራ ሆኖ ድምፅ የሰጠ እንደ ሆነ ደርሷል። ሌላውም ከቡናው መካከል እንጨት ተክሎ ይነቅላል፤ ቀዳዳው ሳይደረመስ ከቆመ ጊዜው እንደ ደረሰ ያውቃል። ይህ የሚሆነው በሌሊትም ሊሆን ይችላልና እንቅልፉን ትቶ መነሣት ያስፈልገዋል። በዚያች ሌሊት አንድ ሰው በመተኛቱ የብዙ ቤተ ሰብ ድካም ሊኮመጥጥ ይችላል።

አምስተኞቹ ቡናውን የሚያጥቡትና የሚያደርቁት ናቸው። አጣቢዎች በቦዩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ እየለቀቁ ከባዱን ፍሬ ከቀላሉ ይለያሉ፤ ክብደት ያለው ይሰምጣል፥ ቀላሉም ይንሳፈፋል። አድራቂዎችም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ዘርግተው ዘወትር ያገላብጡታል፤ የተበላሸውንና የተሰበረውን በዐይናቸው እያዩ ይለቅማሉ። የቀትር ፀሓይ ሲበረታ ይሸፍናሉ፤ ማታም ከጤዛ፥ ቀንም ከዝናም ይጠብቃሉ። የታጠበ ቡና በደኅና ፀሓይ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይደርቃል። እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 ያህል በሆነ ጊዜ ከአልጋው ይነሣል። ከዚህ በላይ እርጥብ ሆኖ የገባ ቡና በጎተራ ይሻግታል፤ ከመጠን ያለፈ የደረቀውም ይሰባበራል፥ ጣዕሙም ይቀንሳል። የለመደች ሴት በጥርሷ ነክሳ ትገምታለች፤ ነገር ግን ግምቷን በመለኪያ መሣሪያ ማረጋገጥ ይገባል። መሣሪያውን የሚያነብ ሰው ደግሞ በመጽሐፍ ካልመዘገበው መሣሪያው ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ስድስተኛው የጎተራው ኀላፊ ነው። ቡና የሌላውን ነገር ሽታ ፈጥኖ የሚቀበል ነው። በናፍጣ፥ በቆዳ ወይም በቅመም አጠገብ የተቀመጠ እንደ ሆነ ያንኑ ሽታ ይዞ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ ጆንያዎቹን ከወለሉ በእንጨት ርብራብ ላይ አንሥቶ፥ ከግድግዳም አርቆ ይደረድራቸዋል። የየቀኑን ምርት ሳይቀላቅል፥ ከየት ሰፈር እንደ መጣና በየትኛው ቀን እንደ ተፈለፈለ የሚያስረዳ ጽሑፍ አስሮበት ያኖራል። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ገዥው ይህ ቡና ከወዴት መጣ ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚገኘው ከዚያች ቍራጭ ወረቀት ነው።

የመጨረሻው ቀማሹ ነው። ለቅምሻ በብዙ አገር በተለመደው ሥርዓት የተቈላና የተፈጨ 8 ግራም ከሩብ ያህል ቡና በ150 ሚሊሊትር ውሃ ይዘጋጃል፤ የውሃውም ሙቀት 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በላዩ የተጋገረውን በማንኪያ ሰብሮ ሽታውን ያሸታል፥ ቀጥሎም ይቀምሳል። ከአንድ ጆንያ ዓይነት 5 ሲኒ ይዘጋጃል፤ አራቱ መልካም ሆነው አንዱ ቢሸት ጣቢያው በአንድ ስፍራ እንደ ተሳሳተ ይታወቃል። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ይባላል። ሙያው የተፈጸመለት ቀማሽ ይህ ቡና መጥፎ ነው ብሎ ብቻ አይሄድም፤ ስሕተቱ ከለቀማው ነው፥ ከገንዳው ነው፥ ወይም ከጎተራው ነው ብሎ ያመለክታል። ስለዚህ ቀማሽ የጣቢያው ዳኛ ብቻ ሳይሆን መምህሩም ነው።

3ኛ፤ ለሠራተኛ ሁሉ የጋራ ስለ ሆነው ሙያ

ከዚህ በላይ የተጻፈው ለየሥራው የተለየ ሙያ ነው። ነገር ግን በጣቢያም ቢሆን፥ በሱቅም ቢሆን፥ በጽሕፈት ቤትም ቢሆን ለሠራተኛ ሁሉ የሚያስፈልግ የጋራ ሙያ አለ። እነዚህም ማንበብና መጻፍ፥ ሒሳብ ማስላት፥ ሰዓት ማክበር፥ ከባልንጀራ ጋራ ተስማምቶ መሥራት፥ የተሰጠውን ትእዛዝ አስተውሎ መስማት፥ ችግር ሲመጣ ምክንያቱን መርምሮ መፍትሔ መፈለግ ናቸው። በዘመናችን ደግሞ በስልክና በኮምፒዩተር መጠቀም ተጨምሯል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ነው፤ ይኸውም ክፉ ወሬን ለአለቃ በጊዜው መናገር ነው። በሌሊት ገንዳው እንዳለፈበት የተረዳ ሠራተኛ በማለዳ ለኀላፊው ቢነግረው፥ ያ ቡና ተለይቶ ይቀመጣል፤ ጕዳቱም በአንድ ገንዳ ይቀራል። ቍጣ ፈርቶ ዝም ቢል ግን የተበላሸው ከደኅናው ይቀላቀላል። እንግዲህ ሠራተኛው እውነቱን የመናገር ሙያ እንዲኖረው፥ አለቃው የመስማት ሙያ ሊኖረው ያስፈልጋል። ክፉ ወሬ ያመጣውን የሚቀጣ አለቃ ሁልጊዜ መልካም ወሬ ብቻ ይሰማል፤ ጐተራውም ባዶ እስኪሆን ድረስ አያውቅም።

4ኛ፤ የንግድ ቤት ዋና ችሎታ

እስካሁን የተነገረው ስለ እያንዳንዱ ሰው ሙያ ነው። ንግድ ቤት ግን የሰዎች ስብስብ ብቻ አይደለም። የብዙዎች ሙያ ተያይዞ ሲሠራ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ሊሠራው የማይችል ችሎታ ይወለዳል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1990 ዓመት ፕራሃላድና ሃሜል የተባሉ ሁለት የንግድ ትምህርት ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ጽፈው ዐሳባቸው በዓለም ሁሉ ታወቀ። ንግድ ቤትን በዛፍ መሰሉት። ቅጠሉ፥ አበባውና ፍሬው ለገዥው የሚሸጠው ዕቃ ነው፤ ቅርንጫፎቹ የሥራው ክፍሎች ናቸው፤ ግንዱም ከሁሉ በፊት የሚሠራው ዋናው ምርት ነው። ዛፉን የሚመግበውና የሚያቆመው ሥር ግን ያ የማይታየው ዋና ችሎታ ነው። ቅጠሉን ብቻ አይቶ የዛፉን ብርታት የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

ለምሳሌም የጃፓኑን የሆንዳን ንግድ ቤት ጠቅሰዋል። ሞተር ብስክሌት፥ አውቶሞቢል፥ የሣር ማጨጃና የመብራት ማመንጫ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ናቸው። የሁሉም ሥር ግን ሞተር አሳምሮ የመሥራት ችሎታ ነው። ይህ ሥር ካለ ዕቃው ቢለዋወጥም ቤቱ አይወድቅም።

አንድን ችሎታ ዋና ነው ለማለትም 3 መመርመሪያ ሰጥተዋል። አንደኛ፤ ወደ ልዩ ልዩ ገበያ ለመግባት በር የሚከፍት መሆን አለበት። ሁለተኛ፤ ገዥው ከዕቃው የሚያገኘውን ጥቅም የሚጨምር መሆን አለበት። ሦስተኛ፤ ሌላ ተወዳዳሪ በቀላሉ ሊቀዳው የማይችል መሆን አለበት።

በዚህ መመርመሪያ ማጠቢያ ጣቢያን ብንመዝን መፈልፈያው መኪና ዋና ችሎታ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያንኑ መኪና ይገዛልና። ወንዙም አይደለም፤ ጎረቤቱም ከዚያው ይቀዳልና። ዋናው ችሎታ ከለቃሚዋ ዐይን ጀምሮ እስከ ቀማሹ ምላስ ድረስ ሳይቋረጥ የተያያዘው ጥንቃቄ ነው። ይህ ችሎታ ያለው ማኅበር ዛሬ የታጠበ ቡና ይሸጣል፤ ነገ ገበያው ቢፈልግ ሳይታጠብ ከነሽፋኑ የደረቀውን ያቀርባል፤ ከዚያም ቈልቶ ለመሸጥ ይችላል። ገዥው ለጣዕሙ ጨምሮ ይከፍላል። ተወዳዳሪውም አንድ ሠራተኛ አስኮብልሎ ቢወስድ እንኳ ሰንሰለቱን ሁሉ ሊወስድ አይችልም።

ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር በውጭ አገር ማመልከቻ ስታቀርብ ብዙ ክርክር ተደርጎ፥ በ1999 ዓመተ ምሕረት ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የአሜሪካ የቡና ንግድ ቤት ጋራ ስምምነት ተፈረመ። ይህ ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው ስሙን ነው፤ በስሙ ውስጥ ያለውን ጣዕም የሚጠብቁት የለቃሚዎች፥ የአጣቢዎችና የአድራቂዎች እጆች ናቸው። እጆቹ ከደከሙ ስሙ ባዶ ጆንያ ይሆናል።

የሙያ ዋጋ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ በ2012 ዓመተ ምሕረት በግልጥ ታይቷል። በዚያ ዓመት ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጣዕም ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተደረገ። አንደኛ የወጣውም ከሲዳማ የመጣ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ተሸጠ። አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ፥ 454 ግራም ያህል ነው። በዚያው ወራት ተራው የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ አንድ ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ዋጋ ለጥቂት ጆንያ እንጂ ለሁሉ አይገኝም፤ ሆኖም በተራውና በተመረጠው መካከል ያለው ርቀት የሙያ ርቀት መሆኑን ያስረዳል።

ወደ ታች ወርዶ ለማስላት ያህል፥ አንድ ጣቢያ 60000 ኪሎ እሸት ተቀበለ እንበል። 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ያህል የተዘጋጀ ቡና ስለሚወጣው 10000 ኪሎ ይሆናል። ደረጃው ዝቅ በማለቱ ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ብር ቢጐድል 500000 ብር ጠፋ ማለት ነው። ማኅበሩ 500 ገበሬዎች ቢኖሩት በነፍስ ወከፍ 1000 ብር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ በሌባ የተሰረቀ ቢሆን አገሩ ሁሉ ይጮኽ ነበር፤ በሙያ ጕድለት ሲጠፋ ግን የሚጮኽ የለም።

5ኛ፤ ሙያ እንዴት እንደሚጠፋ

ሙያ እንደ እሳት ነው፤ ካልተጠበቀ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው፥ ሙያው በአንድ ሰው ልብ ብቻ ሲኖር ነው። ገንዳውን 20 ዓመት የጠበቀ ሽማግሌ ምስጢሩን ለማንም ሳያስተምር ቢያርፍ፥ ጣቢያው ያን ዓመት እንደ ገና ከፊደል ይጀምራል። ሁለተኛው፥ የማጠቢያ ሥራ የወራት ሥራ ስለ ሆነ የሠለጠነው ሠራተኛ መከሩ ሲያልቅ ይበተናል። በሚመጣው ዓመት ካልተጠራና ከአዲሱ የተሻለ ደመወዝ ካላገኘ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሦስተኛው፥ ሹመት ለሙያ ሳይሆን ለዝምድና ሲሰጥ ነው። በጥንቃቄ የሚሠራው ሠራተኛ ይህን ባየ ጊዜ ጥንቃቄ ዋጋ እንደሌለው ይረዳል፤ እጁ ባይሰንፍ እንኳ ልቡ ይሰንፋል።

በዚህ ላይ ሹማምንት ሳያስቡት የሚያመጡት ጕዳት አለ። ወደ በላይ በሚላከው ራፖር ላይ የሚጻፈው የኪሎው ብዛት ብቻ ሲሆን፥ የጣቢያው ኀላፊ ኪሎ ለመሙላት አረንጓዴውንም ይቀበላል። መዛኙ ሲያስተዋል የነበረውን ያቆማል፤ ለቃሚዋም ትጠርጋለች። እንዲህም በአንድ የራፖር ዓምድ ምክንያት የሙያው ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ይበጠሳል።

6ኛ፤ የሹማምንት ተግባር

ስለዚህ በግዛቱ የንግድ ሥራ እንዲሰፋ የሚፈልግ ሹም ቀጥሎ የተጻፈውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ያለው ሥራ በየስሙ ተቈጥሮ፥ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕውቀት፥ የእጅ ልምድና ጠባይ በአንድ ገጽ ወረቀት እንዲጻፍ ማድረግ። ሠራተኛው የሚፈለግበትን ካላወቀ ሊፈጽመው አይችልምና።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛ ሲመረጥ የምስክር ወረቀቱን አይቶ ማክበር፥ ነገር ግን ሥራውንም በፊት ማሠራት። መዛኝ የሚሆነው ይመዝን፥ ደረሰኝም ይጻፍ፤ አድራቂ የሚሆነው አልጋውን ያገላብጥ። ግማሽ ቀን ማሠራት ብዙ ጥያቄ ከመጠየቅ ይበልጥ ያስረዳል።

ሦስተኛ፤ በራፖሩ ላይ ከኪሎው ዓምድ አጠገብ ሌሎች ዓምዶች መጨመር። እነዚህም ከእሸቱ ቀዩ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ በተለቀመበት ቀን መፈልፈሉ፥ ወደ ጎተራ ሲገባ የነበረው እርጥበትና የቀማሹ ነጥብ ናቸው። ሹም የሚጠይቀውን ነገር ሠራተኛ ይጠነቀቅለታል።

አራተኛ፤ ትምህርቱ መከር ሳይጀምር፥ በመስከረም ወር እንዲሰጥ ማድረግ። ትምህርቱም በአዳራሽ ንግግር ብቻ እንዳይቀር፥ በዚያው ጣቢያ በሙያው የታወቀው ሠራተኛ በገንዳውና በአልጋው አጠገብ ቆሞ ያስተምር፤ ለማስተማሩም ይከፈለው።

አምስተኛ፤ ለእያንዳንዱ ዋና ሥራ ቢያንስ 2 ሰዎች እንዲያውቁት ማድረግ፤ በመከር መካከልም የጣቢያውን ኀላፊ ወደ ሌላ ስፍራ አለማዛወር።

ስድስተኛ፤ የቀማሹ ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ ለቃሚዋ ድረስ እንዲደርስ ማድረግ። ቡናዋ ምን ነጥብ እንዳገኘ ያልሰማች ለቃሚ መልካም መሥራቷንም ሆነ መሳሳቷን አታውቅም። ብዙዎቹ ለቃሚዎችም ራሳቸው የለቀሙትን ቡና በቅምሻ ሥርዓት ቀምሰውት አያውቁም። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከቀማሹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ከቀዩ ብቻ የተሠራውንና ከአረንጓዴው የተቀላቀለውን ሁለቱን ሲኒ ለይተው ቢቀምሱ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራቸዋል።

ሰባተኛ፤ ቀዩን ለለየችው ለቃሚ፥ ሌሊት ለነቃው የገንዳ ጠባቂ፥ ስሕተቱን በጊዜው ለተናገረው ሠራተኛ፥ ከሽያጩ ትርፍ ድርሻ እንዲሰጣቸው ማኅበሮችን መምከር። ዋጋ ያላገኘ ሙያ ሁለት መከር አይቆይም።

ይህ ሁሉ ስለ ቡና ተነገረ እንጂ ነገሩ ለማር፥ ለወተት፥ ለቆዳና ለሰሊጥ ንግድም እንዲሁ ነው። በየትኛውም ሥራ ሹሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ንግድ የቆመው በምን ሙያ ላይ ነው፤ ያንንስ ሙያ ማን ይዞታል፤ ከርሱስ ማን እየተማረ ነው የሚል ነው። መልሱን ያወቀ ሹም ግዛቱን ሲጐበኝ መኪናውን ከማየቱ በፊት ገንዳውን ወደሚጠብቀው ሰው ይሄዳል፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረም ይጠይቀዋል።